በአጥሩ ውስጥ የቀሩት

ካታል ምላሷ የማይቻል፣ ሙያዋ የማይነቀፍ ሸማኔ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ቬሩሽን ብቻዋን ታሳድጋለች። በቺያፓስ ተራሮች ያለው መንደርተኛ ሁሉ ይፈራታል፤ እሷን የሚያስፈራት ነገር ግን አልነበረም፣ መዋዕለ ሕፃናቱ እስኪከፈት ድረስ።

አራት ዓመት የሞላው ሕፃን ሁሉ ይግባ ተባለ። ደግ። ወላጅ ግን ከበሩ እንዳያልፍ፤ ልጆቹ ቶሎ እንዲለምዱ ነው አሉ። እንዲህ ያለ ሕግ የሚያወጣ ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም። በዚህ መንደር እናት ልጇን ከዋለችበት ስታነሳ መሬቱን በመጎናጸፊያዋ ትጠርግና ስሟን ጮክ ብላ ጠርታ፣ “ነይ፣ እንዳትቀሪ” ትላታለች። የሕፃን ነፍስ ገና ሥጋዋን አልለመደችም፤ ካልጠሯት ከተጫወተችበት ትቀራለች።

የፈሩት ይደርሳል፤ ቬሩሽ ቀረች። ሥጋዋ በየቀኑ ቤት ይመጣል፤ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። የበቆሎ አጥሚት ሲያቀምሷት በከንፈሯ ይፈሳል።

“ምን ነካት?” አለች ጎረቤቷ ሎሻ።

“ትምህርት ቤት ናት።”

“ኧረ አጠገብሽ ተቀምጣ!”

“ይቺማ ቀሚሷ ናት።”

“ተይ እንግዲህ! የኔዋ ማሩችም ዝም ብላለች። ትምህርት ጨዋ አደረጋት።”

አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ካታል በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። ነፋስ የለም፤ ዥዋዥዌው ግን ይወዛወዛል። አቧራው ላይ ትንንሽ ዱካዎች ነበሩ፤ እያየች ሌላ ተጨመረባቸው። የግቢው ዘበኛ ከጓሮ ሲያስል ስለሰማች የልጇን ስም በሆዷ ብቻ ጠርታ መሬቱን ጠረገች። መጎናጸፊያው ሲነሳ ከበዳት።

ቤት ገብታ ልጇን ሸፈነቻት። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች።

“ራበኝ።”

ካታል በደስታ እያለቀሰች አጥሚቱን አጠጣቻት። ልጅቷ ከጠገበች በኋላ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች።

“እማዬስ?”

“ይኸው አለሁ፣ የኔ እናት!”

“አንቺን አይደለም። እማዬ ሎሻን።”

ካታል ጠርጋ ያመጣችው የማሩችን ነፍስ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? የምትበላ፣ የምትናገር ልጅ አግኝታለች። ከግድግዳው ማዶ ግን ሎሻ፣ “ዋጪ እንጂ፣ ማሩቼ” እያለች ስትለማመጥ ይሰማል። ተነሥታ አንኳኳች።

“መጎናጸፊያሽን ይዘሽ ነይ። ልጅሽ እኔ ቤት ናት።”

ሎሻ ወለሉን ጠርጋ፣ ጠርታ ወሰደቻት። ቬሩሽም ተመልሳ ግድግዳ ማየት ጀመረች።

ካታል አሁን በቀዳዳው አልሾለከችም። በሩ ላይ፣ ዘበኛው ፊት ቆማ፣ “ቬሩሽ!” ብላ ጮኸች።

ባዶው ግቢ ውስጥ የሩጫ ድምፅ ተነሣ፤ የአንድ ልጅ ሳይሆን የመላው ክፍል። ዘበኛው ቁልፉን ጥሎ ሸሸ። ካታል የልጇን አሯሯጥ ከመካከላቸው ለይታ መጎናጸፊያዋን ዘረጋችላት። ሌሎቹ በሩ ድረስ መጥተው ቆሙ፤ የጠራቸው አልነበረም።