ገርባ የሚሰቀልበት ባላ

ሥራ የጀመርኩት በበጋ ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ቆሜ። ጣልያን መተማ የገባበት ዘመን ነበር። የድሮው ጉድጓድ በወታደሮቹ አጥር ውስጥ ስለቀረ፣ ለእኛ የተረፈን ወንዙ ውስጥ በእጃችን የቆፈርነው ብቻ ነው።

የቀጠሩኝ የውሃ አባታችን አያ ደርሶ ናቸው። የውሃ አባት ማለት ሰፈሩ መርጦ ውሃውን በአደራ የሰጠው ሽማግሌ ነው። እኔ ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ በውሃ ተራ ጉዳይ ግን ከግማሹ ሰፈር ጋር ተጣልቼ ነበር።

«ብርነሽ፣» አሉኝ፣ «በተራ ስትጣዪ ከምትውዪ አንቺው አስከብሪው። ደመወዝሽ የመጀመሪያዋ እንስራ ናት።»

«ለማንም አላዳላም፤» አልኳቸው።

«እሱን እናያለን።»

ሥራው እንዲህ ነው። ሌሊት የተናደውን አሸዋ በመዳፍ ታወጫለሽ። ጉድጓዱን የያዘውን የቅርንጫፍ ጥልፍ ታጠብቂያለሽ። የመጀመሪያውን ድፍርስ ውሃ ራቅ አድርገሽ ደፍተሽ፣ እስኪጠራ ትጠብቂያለሽ። ከዚያ የታችኛውን አሸዋ ሳትነኪ በቅል ትቀጃለሽ። ሲደፈርስ ቅሉን አስቀምጦ መቀመጥ ነው፤ የተጣደፈ ጭቃ ይጠጣል። ከብት ወደ ጉድጓዱ አይቀርብም፤ የከብቱ ከታች ያለው ኩሬ ነው።

ተራ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነበር። ሴቶቹ እንስራቸውን በሰልፍ አቁመው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። አባቶቻችን ከደጋ ይዘውት የወረዱት ደንብ አጭር ነው፤ የቆመ ዕቃ ተራ ይይዛል፣ የተኛ አይይዝም።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን ከሰልፉ ራስ ላይ አንድ ገርባ ተኝቶ አገኘሁ። ገርባ ውሃ የሚያዝበት የፍየል ቆዳ ነው። የአንድ የቆላ ተወላጅ ጨው ነጋዴ ሚስት፣ የዘሃራ ነበር። ወደ ጎን ገፋሁት።

ዘሃራ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ ተመለሰች። «ተራዬ የት ገባ?»

«ገርባሽ ተኝቶ ነበር። የተኛ ተራ አይይዝም።»

«ቆዳ እንዴት ብሎ ይቁም? አጥንት ልግዛለት?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ደንብ ደንብ ነው። ከኋላ ቁሚ፤» አልኳት።

ተራዋ ሳይደርስ ውሃው አለቀ። ገርባዋን አንስታ ወደ ከብቶቹ ኩሬ ወረደች። እኔም ሳላዳላ ዋልኩ ብዬ ኮርቼ ቤቴ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የዘሃራ ወንድሞች ዱላ ይዘው መጡ። ታላቅየው ኢድሪስ ባዶ ገርባ በትከሻው አድርጎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

«የእህቴን ልጅ የከብት ውሃ ሆዷን አጣድፎ ሊገድላት ነው። እኛ ካልጠጣን ማንም አይጠጣም!»

የእኛም ወንዶች መጥረቢያ እያነሱ ወረዱ። አንዱ «ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛ ነን!» ሲል ኢድሪስ «እኛስ ቆመን አየናችሁ?» አለው። እውነቱን ነው፤ አብረን ነው የቆፈርነው።

አያ ደርሶ በሁለቱ ወገን መሐል ገብተው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። «ብርነሽ፣ ያን ቀን ቀድማ የመጣችው ማን ነበረች?»

ደንቡ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

«ዘሃራ። ገርባዋን የገፋሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ዳኛዋ ራሷን ከሰሰች!» ብሎ አሾፈ ያ «የቆፈርነው እኛ ነን» ያለው ባለ መጥረቢያ።

«አንተ፣ አፍህን ትተህ መጥረቢያህን ስጠኝ!»

ሰጠኝ። ከወንዙ ዳር ካለው ግራር ባላ እንጨት ቆርጬ በእንስራዎቹ ሰልፍ መካከል ተከልኩ። ገርባውን ከኢድሪስ ትከሻ ወስጄ ሰቀልኩበት።

«ከዛሬ ጀምሮ የተሰቀለ የቆመ ነው፤» አልኩ።

አያ ደርሶ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ኢድሪስ ባላውን ያዝ አድርጎ ወዘወዘው። «ላላ ነው ይኼ፤» አለና ዱላውን ጥሎ ሥሩን በድንጋይ ይጠቀጥቅ ጀመር። ባለ መጥረቢያው ጎንበስ ብሎ ባላውን ያዘለት።

የዚያን ቀን ደመወዜን፣ የመጀመሪያዋን እንስራ፣ ተሸክሜ ዘሃራ ቤት ሄድኩ። የልጅቱ ዓይን ጎድጉዷል። እናቷ ውሃውን አፍልታ በጠብታ በጠብታ አጠጣቻት፤ እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። አራት ጠዋት ተመላለስኩ። በአምስተኛው ልጅቱ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች።

«ገርባዬ አጥንት አገኘ አሉ፤» አለችኝ ዘሃራ ያኔ።

«ሄደሽ ስቀዪው፤ ተራሽ እንዳያልፍ።»

ጣልያን እስኪወጣ ድረስ እዚያ ጉድጓድ ላይ ሠራሁ። ባላው አንድ ነበር፣ ስድስት ሆነ። ጠቡ አልጠፋም፤ በምላስ ግን ያልቅ ነበር።

ዛሬ የቦኖ ውሃ ለምትጠብቁ ልጆቼ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ተራ አስከባሪ ደንቡን ከመናገሩ በፊት ሰዉ በምን ዕቃ ሊቀዳ እንደመጣ ይይ።