የእንጀራ እናቴ የጾም ሾርባ

ባለፈው ሰኞ ኦቴሎ ሰፈር ባለችው ሱቄ ውስጥ አንድ ጠርሙስ የኮሪያ ኪምቺ መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠ ክዳኑን ገፍቶ ጵስስ አለ። ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ የኮመጠጠ ጎመን ቤቱን ሞላው። ዕቃ ሲተነፍስ ነጋዴን ኪሳራ ነው የሚሸተው፤ እኔን ግን ያደግኩባት የስደት ከተማችን ቱክዊላ ሸተተችኝ። ጤፍ የምትገዛ ደንበኛዬ አፍንጫዋን ይዛ፣ «የጾም ነው?» አለችኝ። ይቺን ጥያቄ አውቃታለሁ። አንድ ቤት አቀዝቅዛለች።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ያገባት ኮሪያዊት ነበረች። ኤርፖርት እሱ ሻንጣ ሲጭን፣ እሷ ወለል ስትወለውል ተያዩ። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ከጎረቤት ከተማ ከኬንት መጥታ አየቻትና፣ «የእንጀራ እናት አገኘህ፤ እንጀራው ብቻ ቀረ» ብላኝ በራሷ ቀልድ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አክስቴ ምላሷን በየቀኑ የምትስል ሴት ነበረች። የምትቆርጠው እንዳታጣ ደግሞ ወንድሟ ሚስት አመጣላት።

የእንጀራ እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከእኛ ሰው መቆጠር። መግቢያ ይሆነኛል ያለችው ደግሞ ያንን ቀይ ሾርባ ነው። የከረመውን ኪምቺ ከነጭማቂው በዘይት ታቁላላዋለች፤ የኮሪያ በርበሬ ትነሰንስበታለች፤ ውሃ ስትጨምርበት ድስቱ ይጮሃል። በመጨረሻ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ነጭ ቶፉ ቆራርጣ ጣል ታደርግበታለች። ውጭ ያ የማይሰለቸው ካፊያ ነው፤ ውስጥ መስኮቱ በእንፋሎት ይታወራል። አባቴ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ «በርበሬ የእኛ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?» እያለ ሳህኑን ደግሞ ይዘረጋላት ነበር። ያኔ ፊቷን ብታየው!

ሁዳዴ ገባ። አባቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዶች ጠራ። ኪምቺ ውስጥ የዓሣ መረቅና ጨው የጠገበ ሽሪምፕ እንደሚገባ፣ እሱም ለእኛ ጾም እንደማይሆን ከእኔ ሰምታ ስለነበር፣ ሁሉን ትታ በጨውና በፍራፍሬ ብቻ አንድ ማሰሮ ለብቻው ጣለች። ድስት እንኳ አዲስ ገዛች። «እንግዳ እምቢ ሲል ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በሞቴ» አልኳት። ድስቱን እያማሰለች «በሞቴ፣ በሞቴ» ስትል ዋለች። ዋዜማውን አባቴ ቀመሰውና ሁለት ሳህን ጨረሰ።

እንግዶቹ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ገቡ። ሾርባው ቀረበ። አክስቴ ማንኪያዋን በሁለት ጣት ይዛ መረቁን ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

«የጾም ነው?»

«ጾም! ጾም!» አለች የእንጀራ እናቴ ደስ ብሏት። «ዓሣ የለም። አሳማ የለም። ድስት አዲስ።»

«ድስቱስ አዲስ ነው፤ እጁስ?» እንግዶቹ ሳቁ። አክስቴ ወደ አባቴ ዞረች። «አንተስ ወንድሜ፣ ይሄን ነገር ትበላለህ?»

የእንጀራ እናቴ በማንኪያ ቀድታ፣ እንዳይንጠባጠብ መዳፏን ከሥሩ ደግና ወደ አፉ ዘረጋች። «በሞቴ» አለች። አንድም ፊደል አልሳተችም።

አባቴ እንግዶቹን አየ። እሷን አላየም።

«እኔ? እኔ ይሄን ቀምሼም አላውቅ» አለና ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ገፋው።

ማንኪያው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ራሷው ጎረሰችው።

በማግስቱ አዲሱን ድስት እየፈገፈገች፣ «በሞቴ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ካልበላህልኝ ልሙት ማለት ነው።»

እጇ ቆመ። «ሶ… እሱ አልበላም» አለች። «ኦኬ።»

አባቴን አልተጣላችውም። ልብሱን አጠበች፣ ሩዙን ቀቀለች፣ ሲያመው አስታመመች። ሾርባውን ግን በትንሽ ድስት ለእኔና ለእሷ ብቻ ነበር የምትሠራው። እሱ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ፣ «ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ሲል፣ «ያልቀመስከው» ትለዋለች በጠራ አማርኛ። ይቺን ቃል ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም። እስክትሞት ድረስ አንድ ማንኪያ አላቀመሰችውም። እሱም ስጪኝ ብሎ አልጠየቀም።

የተነፈሰ ጠርሙስ አይሸጥም፤ ዕቃ መጣል ደግሞ እጄ እሺ አይለኝም። ቤት ወስጄ ሾርባ ሠራሁት። አባቴ አሁን ኬንት ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ሽታው ሲደርሰው ምርኩዙን ይዞ እግሩን እየጎተተ ማድ ቤት መጣ። ቀዳሁለት። ሳህኑ ላይ አጎንብሶ እንፋሎቱ መነጽሩን እስኪሸፍነው ቆየ፤ ማንኪያውን ግን አላነሳም።

«ዛሬ ጾም አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«አይደለም።»

ማንኪያውን አነሳሁና ቀዳሁ። መዳፌን ከሥሩ ደገንኩ።

«በሞቷ» አልኩት።

አፉን ከፈተ።