እማማ የሺ የጠረጓቸው ክንፎች

ዛሬ ጅጋ ሄጄ የሟቹን ጓደኛዬን ሣጥን ስከፍት፣ ከአንዷ በቀር የሰበሰባቸው የእሳት እራቶች በሙሉ ቀለማቸው ጠፍቶ፣ ክንፋቸው እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያል።

ያዜ የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ አብረን ነው ያስተማርነው። አርባው ሲወጣ ሣጥኑን ለትምህርት ቤቱ ልወስድ ነበር የሄድሁት።

«አቧራ በልቷቸው አገኘኋቸው» አሉኝ እናቱ፣ እማማ የሺ። «ተማሪዎቹ እንዳይታዘቡት በነጠላዬ ጫፍ አንድ ባንድ ጠረግሁለት።»

አቧራ አልነበረም። የእሳት እራት ቀለሙ ያ ክንፉ ላይ ያለው ዱቄት ነው። ያዜ እኮ ተማሪ በጣቱ ሲነካቸው ጠመኔ የሚወረውር ሰው ነበር።

አንድም ክንፍ አልሰበሩም። እንዴት ቀስ ብለው እንደጠረጓቸው አስቡት።

ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ አጠፋሁበት እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም እማማ፣ እሱም የሚለያቸው በክንፋቸው ደም ሥር ነበር» አልኋቸው። አንዱን ወደ መስኮቱ ይዤ፣ ሥሮቹ የት የት ላይ እንደሚከፈሉ አሳየኋቸው።

ውሸት አይደለም። ደም ሥሩ ወገኑን ይናገራል። ከወገኑ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙም ያስፈልጋል። ይህን አልነገርኋቸውም።

ፊታቸው በራ። «እንዲያ ከሆነማ ይቺን የቀረችውን ልጨርስለት» ብለው ነጠላቸውን ሳቡ።

ቡናማ ነበረች፤ ክንፏ ላይ ዓይን የመሰሉ ሁለት ነጠብጣቦች አሏት። ያዜ ስሟን ገና አልጻፈላትም ነበር።

አልከለከልኋቸውም።

የሞተባችሁን ሰው ዕቃ እንዲህ በፍቅር ምክንያት ያጣችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። እናንተ ብትሆኑ እጃቸውን ትይዙ ነበር?