የጀማል ሳቅ ያለበት ካሴት

ባለፈው ሰሞን ሐርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ ሳልፍ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አሮጌ ቴፕ ለገዢ ሲሞክር ደረስኩ። ካሴቱን ከቶ ተጫነው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ የሚመስል ሹሹታ ተሰማ። ገዢው ዘፈኑን ይጠብቃል፤ ለእኔ ሹሹታው ብቻ በቃኝ። ከተሸካሚዎቹ መንገድ ዞር ብዬ ግድግዳ ተደገፍኩ። አዴ ዘይነባ ፊቴ መጣች።

አዴ ዘይነባ፣ አሕመድ ዳጋህ የሚባለው ሰፈር በነበርንበት ጊዜ፣ ጎረቤታችን ነበረች። ድሬዳዋ ተወልዳ አድጋ፣ ባሏን ተከትላ ሐርጌሳ መጣች፤ ባሏ ሲሞትም እዚሁ ቀረች። ልጅ አልወለደችም። መተዳደሪያዋ የሙሽሮች ሂና ነበር። አባቴ ከበርበራ ወደብ እስከ ጠረፍ ከባድ መኪና ይነዳ ስለነበር፣ እሱ መንገድ ሲወጣ እናቴና እኔ ቀኑን የምንገፋው እሷ ቤት ነው። በሰፈሩ ከእኛ ቤት ሌላ አማርኛ የሚሰማው እዚያ ብቻ ነበር። ከእናቴ በብዙ ትበልጣለች፤ ግን "አንቱ" ያላትን ሰው ትቀየመው ነበር። ድሬ አንቱ የሚባል ነገር የለም ትላለች።

ክፍሏ ሁልጊዜ የተቦካ ሂና፣ ሎሚና የቅርንፉድ ዘይት ይሸታል። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል። ሥራ ላይ ስትሆን የቴፑን ቁልፍ የምትጫነው በክርኗ ነው፤ ይህን ጊዜ ከዚያች ደርባባ ሴትዮ ቤት ይወጣል ተብሎ የማይጠበቅ ጩኸት ይለቀቃል። ፓንክ የሚሉት ሙዚቃ ነው። አራት የእንግሊዝ ጎረምሶች ጊታር እየደበደቡ፣ የቆርቆሮ ጣራ ላይ ድንጋይ እንደሚዘንብ ያለ ነገር ያወርዱታል። እጃቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ሙሽሮች እርስ በርስ ይተያያሉ። እሷም "አስተግፊሩላህ" ትልና ድምፁን ትንሽ ትቀንሳለች፤ አታጠፋውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀማል የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። በጉርምስናው በጅቡቲ በኩል መርከብ ተሳፍሮ ለንደን ገባና አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጠረ። ከማጠቢያው ጀርባ የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ ነበር። እነዚያ ጎረምሶች የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲቀርጹ፣ አዝማቹን አብሯቸው የሚጮህ ሰው ፈልገው መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ጠሩ፤ ጀማልም ገባ። ዘፈኑ አልቆ መሣሪያው ዝም ሲል አንድ ሰው ይስቃል። ጀማል ካሴቱን በሰው ላከላትና በስልክ "መጨረሻ ላይ የሚስቀው እኔ ነኝ" አላት።

ብዙም ሳይቆይ ሳንባው ታሞ እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። አዴ ዘይነባ ያቺን ሳቅ እያጠነጠነች፣ እያጠነጠነች ስትሰማ ካሴቱ ሳሳ፤ አንድ ቀን ቴፑ በላው። ይህ የሆነው እኔ ሳልወለድ ነው። እኔ የደረስኩት ፍለጋው ላይ ነው።

አባቴ በርበራ ያገኘውን መርከበኛ፣ ከውጭ የተመለሰውን ሰው ሁሉ ስለ ካሴቱ ይጠይቅላት ነበር። መጀመሪያ ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ተገኘ። ሽፋኑ ላይ ያሉት አራቱ ልጆች ያው ናቸው፤ ቀለሙ ግን ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ሮዝ ሆኗል፤ የዘፈኖቹም ተራ ተቀያይሯል። ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው ሰማነው። የጀማል ዘፈን የለም፤ በእሱ ቦታ እኛ የማናውቀው ዘፈን ገብቷል። አባቴ ጠይቆ እንደተረዳው፣ በዚያ ዘመን አንዱ አልበም በየአገሩ ሲታተም የየአገሩ አሳታሚ ያልወደደውን ያወጣል፣ የመሰለውን ይጨምራል። እሷ ይህ ፈጽሞ አልገባትም። የሰው ድምፅ ያለበትን ነገር እንዴት ያወጡታል ትል ነበር።

ቀጥሎ የጀርመኑ መጣ። በዚህኛው ዘፈኑ አለ። ሂናዋን ጥላ ተነሳች። አዝማቹ አለፈ፣ ጊታሩ አለፈ፤ መጨረሻው ሲቃረብ ግን ሁሉም ነገር እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ። ሳቁ ጋ ሳይደርስ። ጆሮዋን ማጉያው ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች። ሳቁ ከጸጥታው ስር ይኖራል ብላ ነው መሰለኝ።

የእንግሊዙን አባቴ ያመጣው አንድ የረመዳን ከሰዓት ነው። ቢጫ ሽፋን፣ ልክ እንደ መጀመሪያው። አዴ ዘይነባ እጇን ታጠበች፣ ነጠላ ቀየረች፣ እንግዳ የምትቀበል ይመስል ፍራሹን አስተካክላ አስቀመጠችን። ዘፈኑ ተጫወተ፣ መሣሪያው ዝም አለ፣ አንድ ሰው ሳቀ። አጭር፣ ከጉሮሮ የወጣ ሳቅ። እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እሷ ግን አላለቀሰችም። አጠነጠነችና ደገመችው። ከዚያም ወደ አባቴ ዞራ፣

"ይሄ ጀማል ነው?" አለችው።

አባቴ ጀማልን አይቶት አያውቅም። እናቴ ነች ቀስ ብላ "እሱ እኮ ነው፣ አንቺው አይደለሽ የነገርሽን" ያለቻት።

"እኔ ዘንድ ያለው ሳቅ ይሄ አይደለም" አለች አዴ ዘይነባ። "ቀጠን ያለ ነበር። ስንት ዓመት እንቅልፍ ሲነሳኝ የኖረው ሌላ ነው።"

የመግሪብ አዛን ተባለ። በቴምር አፈጠርን።

ለረጅም ጊዜ ቤቷ ጸጥ አለ። ሙሽሮቹ በሰላም ሂናቸውን ያሠሩ ጀመር። ኋላ ግን እኔ በሌለሁበት፣ ብቻዋን ስትሆን ስታዳምጠው በግድግዳው ይሰማኝ ነበር። አድጌ ራሴ ሙሽራ ስሆን እጄን የሠራችልኝ እሷ ናት። መዳፌ ላይ አጎንብሳ ሳለች ስለ ጀማል ሳቅ ጠየቅኋት። ከእጄ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣

"ለመድኩት" አለችኝ። "አሁን ጀማልን ሳስብ የሚስቀው ይሄኛው ነው። ያኛው ግን ጠፋብኝ። ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት።"

ብዙ ሳትቆይ ሞተች፤ አላህ ይርሐማት። ቀብሯ እዚሁ ነው፣ ከወንድሟ ባሕር ማዶ። ሦስቱን ካሴቶች እናቴ ለእኔ ሰጠችኝ።

አባቴ አሁን መንዳት ትቶ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር፣ እኛ ዘንድ ነው የሚኖረው። ዓይኑ ደክሟል፤ ወሬው ግን አልደከመም። የበርበራን ሙቀት፣ በረሃ ላይ የፈነዳ ጎማ፣ አብረውት ይነዱ የነበሩትን ሰዎች እያነሳ ሲያወራ ስልኬን አጠገቡ አድርጌ እቀርጸዋለሁ። "እዚሁ ቁጭ ብዬልሽ የለ፣ ምን ያደርግልሻል?" ይለኛል። ስልኩን ወደ እሱ ጠጋ አደርገዋለሁ። ስልኬ በድምፁ ሞልቷል። እሱ እያለ ግን፣ የአዴ ዘይነባ ነገር ትዝ እያለኝ፣ አንዱንም ከፍቼ ሰምቼ አላውቅም።