የዚያ ዓመት የገብስ እሸት

ስለ ጥቅምት ሲወራ ሰው ሁሉ አበባውን፣ የወንዙን መጥራት፣ የእሸቱን ጣዕም ያነሳል። አልክድም፤ ጎጃም በጥቅምት ያምራል። የእኔ ችግር እሸት በተነሳ ቁጥር አንድ ዓመት ብቻ ትዝ የሚለኝ መሆኑ ነው። የልጅ ልጆቼ ንገሪን ይሉኛል፤ ስነግራቸው ደግሞ ፊቴን ያዩታል፣ ዕንባ ይጠብቃሉ። ዕንባ የለም። እንደሆነው እነግራቸዋለሁ፣ ደስ ካላላቸው ይነሱ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ነው። እኛ የምንኖረው ከደብረ ኤልያስ ብዙ በማትርቅ ትንሽ መንደር ነበር። በቤቱ ውስጥ አራት ነፍስ ነበርን፤ ባሌ፣ የባሌ እናት፣ እኔ፣ ጡት የጣለች ሴት ልጃችን። በዚያ በጋ ወታደሮች መጥተው የመንደሩን ጎተራ ሁሉ አቃጠሉ። ባሌ ከበረቱ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ የቀበራት የገብስ ዘር ብቻ ተረፈች። ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱን ከፍቶ አወጣት፤ ለአንዱ በሬያችን ከጎረቤት አጣማጅ በሬ ተዋሰና አርሶ ዘራት። በመንደሩ በዚያ ዓመት የዘራ ሰው ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው ዘሩም በሬውም አልነበረውም። ባሌ ዘርቶ እንደ ጨረሰ ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ። የእናቱን ጉልበት ስሞ፣ ልጂቱን አቅፎ፣ ለእኔ "ወፉን ጠብቂ" አለኝ። ወፍ የሚጠበቀው እህል ሲያፈራ ነው። እስከዚያ ድረስ አልመጣም ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው።

ክረምቱን ጎመን በላን። ጎመኑ ሲያልቅ ሳማ ቀቀልን። ሳማ ሲበስል መለብለቡን ይተዋል፤ ሌላ የሚመሰገንበት ነገር አላየሁበትም። ነሐሴ ውስጥ አንድ መንገደኛ በደጀን በኩል፣ የዓባይ አፋፍ ላይ ውጊያ እንደነበረና አርበኞቹ እንደተበተኑ ነገረን። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ አንድም ወሬ አልመጣም። አማቴ ማልደው ተነስተው ከደጅ ይቆሙና መንገዱን ያያሉ። እኔ አላይም ነበር። ጎረቤቶቼ ጠንካራ ናት ይሉኝ ነበር። የጥንካሬ ነገር አልነበረም። ደንዝዤ ነበር። እጄ ይሠራል፣ እግሬ ይሄዳል፣ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ፤ ውስጤ ግን ማንም አልነበረም።

እሸት በዚያ ቤት እንዴት እንደሚቀመስ መንገር አለብኝ። እሸት ከመበላቱ በፊት ለቤተ ክርስቲያን መወሰዱ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የባሌ ወገኖች በዚያ ላይ የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። አባወራው የመጀመሪያዋን ጭብጥ ያጭዳል፤ ቤተሰቡ ማሳው ዳር ይቆማል። እሱም እሸቱን እንደያዘ፣ በሕይወት ለዚህ እሸት የደረሰውን የቤቱን ሰው በየስሙ እየጠራ ያመሰግናል። ከራሱ ይጀምራል፤ "እኔን ባሪያህን ያደረስከኝ፣ ተመስገን" ይላል። ከዚያ እናቱን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ልጂቱን ይጠራል። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ የተወለደ ይጨመራል፤ የሞተ አይጠራም። በሕይወት ያለን ሰው ረስቶ መዝለል ሟርት ነው፤ ስለዚህ ባሌ ሲጠራ ቀስ ይል ነበር። ጥሪው ሳያልቅ ማንም አንዲት ፍሬ አፉ አያደርግም። ባቄላውም፣ ዱባውም፣ ጎመን ሲቀር ከጓሮ የሚለቀመው ሁሉ ይህን ይጠብቃል።

መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ ገብሱ ደረሰ። ፍሬው ሲጫኑት ወተት ማውጣቱን ትቶ ጠጠር ማለት ጀመረ። ለእሸት የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ብዙም አይቆይም። የልጂቱ እግር አብጦ ነበር። በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል፤ ቶሎ አይመለስም። ማልቀስ ትታለች። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ታየኛለች። ከእሷ በፊት እንዲህ እግራቸው ያበጠ ሁለት የመንደሩ ልጆች ተቀብረው ነበር። ምን እየመጣ እንደሆነ አውቅ ነበር።

"እማማ፣ ገብሱ እኮ ደርሷል" አልኳቸው አማቴን።

"አይቻለሁ።"

"ልጨደው?"

"ባለቤቱ ሳይመጣ?"

"ልጂቱን አያዩዋትም?"

"አያታለሁ እንጂ! አባቷ መጥቶ በእጁ ያጎርሳታል። ዛሬ ነገ ሳይል ይመጣል፣ አንቺ ምን ያስቸኩልሻል?"

ተናደድኩ ብል ውሸት ነው። መናደድ ነበረብኝ። ሌላ ምራት ብትሆን ጮኻ መንደሩን ትሰበስብ ነበር። እኔ ማጭዱን ከተሰካበት አውጥቼ አየሁትና መልሼ ሰካሁት። አማቴ ሊያስቆሙኝ አቅም አልነበራቸውም፤ ማጨዱን መች አጣሁት። ጭንቁ ከማጨዱ ቀጥሎ ያለው ነው። የባሌን ስም ብጠራ፣ የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ በእግዚአብሔር ፊት አመሰገንኩ ማለት ነው። ባልጠራው ደግሞ በገዛ አፌ ቀበርኩት። ዝም ብለሽ አትበይም ነበር ወይ ይሉኛል የዛሬ ልጆች። በዚያ ቤት የኖረ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እንደኛው የራባቸው ሽማግሌ። ተማሪዎቻቸው ተበትነው ባዶ ጎጆ ደጃፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሩን አስረዳኋቸው።

"እግዚአብሔር ሕፃን በርሃብ ይሙትልኝ አላለም። እጨጂ" አሉኝ።

"ስሙንስ አባ? ልጥራው ወይስ ልተወው?"

"እሱን እኔም አላውቀው ልጄ" አሉ። "ነገ መጥቼ አብሬያችሁ እቆማለሁ።"

ወደድኳቸው። ሌላ ቢሆን ጥቅስ አምጥቶ፣ ተርጉሞ፣ አመስጥሮ፣ እኔኑ ጥፋተኛ አድርጎ ይሸኘኝ ነበር።

በማግስቱ መጡ። አማቴ ካህን ፊት አልተከራከሩም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡና ማሳው ዳር ቆሙ፤ ዓይናቸው ግን መንገዱ ላይ ነበር። ልጂቱን አዝዬ አምጥቼ ሣሩ ላይ አስቀመጥኳት። ገባሁና ጭብጥ የምትሞላ አጨድኩ። ዛላው ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ወደ ቢጫ የሄደ ነበር። ተመልሼ ባሌ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆምኩ።

አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ የሚጠራው የእሱ ስም ነው። ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። አልወጣ አለ፣ አልመለስ አለ። አባ መሬት መሬቱን ያያሉ። አማቴ መንገዱን ያያሉ። ልጂቱ በቂጧ እየተንፏቀቀች መጣችና እጇን ወደ እሸቱ ዘረጋች። አልደረሰችበትም፣ እጇን ግን አልመለሰችም።

አማቴ ያን ጊዜ ዘወር አሉ። ልጂቱን አዩ፤ እግሯን አዩ። ወደ እኔ ተጠግተው፣

"ከእኔ ጀምሪ" አሉኝ።

ከእሳቸው ጀመርኩ። አማቴን በስማቸው ጠራሁ፤ ያደረስካቸው ተመስገን አልኩ። ልጄን ጠራሁ። እኔን ባሪያህን አልኩ። ሦስት ሰው ለመጥራት ምንም ጊዜ አይወስድም፤ ቶሎ አለቀ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ያ ምስጋና ከልቤ ነው የወጣው ብዬ ማንንም አላታልልም፤ ከአፌ ወጣ፣ በቃ። አባ አሜን አሉ። አማቴም አሜን አሉ፣ "የከርሞ ሰው ይበለን" ብለው ጨመሩበት። አባ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ከፍለው ያዙ።

እዚያው ማሳው ዳር ገለባ አቀጣጥዬ እሸቱን ለበለብኩት። በመዳፌ አሽቼ፣ እፍ ብዬ፣ ለልጂቱ ሰጠኋት። ከእጄ ላይ በከንፈሯ እየለቀመች በላች። አማቴ ጥርስ ስላልነበራቸው በድንጋይ ደቆስኩላቸው። እኔም በላሁ። ጣፈጠሽ ወይ ካላችሁኝ፣ ጣፍጦኛል። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ባሌን ሳልጠራው ቀርቼ፣ ምንም ሳይሰማኝ፣ ገብሱ አፌ ውስጥ ጣፈጠ። አማቴ ድቁሱን ጨረሱና መዳፋቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን አላዩም።

ልጂቱ ዳነች። እብጠቱ እያደር ጎደለ፤ እንደገናም ማልቀስ ጀመረች፣ ያውም እንዴት አድርጋ! ከገብሱ በኋላ የጓሮው ባቄላ ተፈቀደ፣ ከዚያ ዱባው፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ከዘመድ የመጣ የሽምብራ እሸት። አማቴ ለእያንዳንዱ ያመሰግናሉ። ባቄላ ሲፈለፍሉ ተመስገን፣ ዱባ ሲከተፍ ተመስገን፣ ሽምብራው በየፍሬው ተመስገን። ቀድሞ እንዲህ አልነበሩም፤ ስለ ምግብ ማማረር ነበር የሚያውቁት፣ ጨው አነሰ፣ በርበሬ በዛ። "ምኑ ነው እንዲህ የሚያስመሰግነው?" ልላቸው አፌ ላይ እየመጣ ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ። ያናድደኝ ነበር። መናደድ ከጀመርኩ ደግሞ ትንሽ ነፍስ ዘርቻለሁ ማለት ነው። በየማለዳው ደጅ መቆማቸውንም ተዉ። እኔም ለምን ተዉት ብዬ አልጠየቅኋቸውም። በሚቀጥለው ጥቅምት ማሳው ዳር ስንቆም ይምጡ ሳልላቸው መጀመሪያ የቆሙት እሳቸው ናቸው።

ጣልያን ሲወጣ ዱር የነበረው ሰው ወደየቤቱ ገባ። ጥሩንባው፣ እልልታው፣ ጥይቱ፣ መንደሩ ሁሉ ሠርግ ቤት ሆነ። ባሌ አልመጣም። አብረውት የነበሩ ሁለት ሰዎች ግን ሊያረዱን መጡ። በዚያ በደጀኑ ውጊያ፣ በጭጋግና በዝናብ መሀል፣ ከአፋፉ በታች እንደተለያቸው ነገሩን። ሲወድቅ ያየው የለም። ፈልገው አስከሬኑን አላገኙም። ከዚያ ወዲህ በሕይወት አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም።

ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ያለቅሳል፣ እኔ መሬት አያለሁ። አባ ፍትሐቱንና ተዝካሩን ሊነጋገሩ ገቡ። በጣም አርጅተው ነበር፣ ተደግፈው ነው የገቡት። ተዝካር በየዓመቱ የሚውለው ሰውየው በሞተበት ቀን ነውና ቀኑን ጠየቁ። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አንዱ ሐምሌ መጨረሻ ነው አለ። ሌላው የለም፣ ፍልሰታ ገብቶ ነበር አለ። መስማማት አቃታቸው።

"ቀኑን እኔ አውቀዋለሁ" አሉ አማቴ ከጥጋቸው።

ሰዎቹ ወደ እሳቸው ዞሩ።

"ጥቅምት ነው። እሸት የቀመስን ዕለት።"

ሰዎቹ ሊያርሟቸው ፈለጉ፤ በጥቅምት ውጊያ እንዳልነበረ ሊያስረዷቸው ጀመሩ። አባ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ያን ዕለት ማሳው ዳር ከእኛ ጋር ቆመው ነበርና ወደ አማቴ ጠጋ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ እኔ የጠየቅሁሽ እሱ የሞተበትን ቀን ነው" አሏቸው።

"እኔስ የትኛውን ነገርኩዎ?" አሉ አማቴ።