ሣሩ አብቦ እስኪቃጠል

መስከረም ጠባ ሲባል አገር ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እኔ እራገማለሁ። አሶሳ አካባቢ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣር አበባውን ባወጣ ማግስት አፍንጫዬ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ በታኅሣሥ ሣሩ ተቃጥሎ አመዱን ንፋስ እስኪወስደው ድረስ ፋታ የለኝም። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሬ አሽትቻለሁ፣ ጤና አዳም ወትፌያለሁ፣ ቅቤ አንጠባጥቤያለሁ። ምክር ያልሰጠኝ አህያዬ ብቻ ነው።

ከጎጃም ወርጄ የያዝኩት ሥራ ደግሞ ወርቅ መግዛት ነው። የበርታ ሴቶች ከወንዝ አጥበው ያወጡትን ብናኝ በአሞራ ላባ አገዳ ውስጥ ሞልተው ያመጡልኛል፤ እኔ ሚዛን ላይ ዘርግፌ እመዝናለሁ። እንዲህ ያለ እንጀራ ለሚያስነጥስ ሰው አይሰጥም ነበር።

ቀድሞ የሚስቴ ወንድም አብሮኝ ይመዝን ነበር። አስነጥሼ «አልሐምዱሊላህ» ስል እስከ ሦስት ጊዜ «የርሐሙከላህ»፣ አላህ ይዘንልህ፣ ይለኛል፤ በአራተኛው ዝም። ከሦስት ካለፈ ጉንፋን ነው፣ ዱዓ ግዴታ አይደለም ባይ ነው። ወርቁ በየዓመቱ እየጎደለ ሲያስቸግረኝ ግን፣ ሌላ የሚነካው ሰው ስላልነበረ፣ ሌባ ብዬ አባረርኩት። መንጌ ከተማ ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ የምታናግረኝ በግድ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ። በጥቅምት አንዲት እናት ልጇን ልትድር የዓመት ልፋቷን ይዛ መጣች። ሚዛኑ ላይ እንደዘረገፍኩት አስነጠስኩ፤ ብናኙ ወለሉ ላይ ተበተነ። በንዴት ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን እኔን ትታ መሬቱን አየች።

«አፈሩን ስጠኝ» አለች። «ወርቅ አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው።»

ወለሌን ፍቃ በቅርጫት ወንዝ አወረደችው፤ ተከተልኳት። በገበቴዋ አጠበች። ያመጣችው ላባ ሞላ። ሌላ ላባ ጠየቀችኝ፤ እሱም ሞላ። ሦስተኛም ሞላ።

«አንዱ የኔ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ያንተ ናቸው» አለች። «ስንት ዓመት ነው የሚያስነጥስህ?»

ሌባው የገዛ አፍንጫዬ ነበር። ከሁሉ የከፋው የምቆጣው ሌላ ሰው ማጣቴ ነው። አፈርኩ።

በማግስቱ ሁለቱን ላባ ይዤ ግራና ቀኙ ሣር በሆነ መንገድ እያስነጠስኩ መንጌ ደረስኩ። የአማቼ በር ዝግ ነው። ደጁ ላይ አስነጥሼ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

«የርሐሙከላህ» አለ ከውስጥ፣ ግዴታውን ለመወጣት ያህል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም መለሰ፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

አራተኛ አስነጠስኩ። ዝም አለ። ላባዎቹን ደጁ ላይ አስቀምጬ ልመለስ ስል «የርሐሙከላህ» ሲል ሰማሁት፤ የበሩም መወርወሪያ ተነሣ።