የሁለት መቶ ሜትር ስሕተት

ትሕትና የዋጫ ከተማ ልጅ ናት። ጂኦግራፊ ተምራ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ባለሙያ ሆና ስትቀጠር፣ በተሰጣት ኮምፒዩተር ላይ ያለው ፕሮግራም ፈቃዱ ያለቀበት ነበር። አዲስ የሚገዛላት ስታጣ፣ ማንም በነፃ የሚያወርደውን፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነውን ሶፍትዌር በሲዲ አስገልብጣ ለብቻዋ ተማረችው። የወሰን መስመሮችን በሳተላይት ፎቶ ላይ ስታነባብር ጫካው ከነመንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚህ ትኮራ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ለአንድ ኩባንያ ለሻይ ልማት የሚሰጠው መሬት ከማንኪራ ቀበሌ ገበሬዎች የጫካ ቡና ተለይቶ በካርታ እንዲቀርብ ታዘዘች። የተሰጣት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ወሰኑን ከአሮጌ ካርታ ላይ ገለበጠች። ሶፍትዌሩ መስመሮቹ በየትኛው የመሬት ልኬት ሥርዓት እንደተሠሩ ሲጠይቃት፣ አሮጌው ካርታ የተሠራበትን ሳታጣራ በጥድፊያ ፊት ለፊት ያገኘችውን ነካች። ካርታው ተፈርሞ ማኅተም ተመታበት።

ጥቅምት ላይ እትዬ ላቀች የተባሉ የማንኪራ ገበሬ ቢሮዋ መጡ።

«ልጄ፣ ቡናዬን እየመነጠሩት ነው። ካርታው ለኩባንያው ነው ይላል አሉኝ።»

«የለም፣ የእርስዎ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ የኩባንያው ማዶ ነው» አለችና ፋይሉን ከፈተችው።

ወንዙ ሁለት ቦታ ታያት። አንዱ ፎቶው ላይ፣ ሌላው እሷ በሣለችው መስመር፤ በመካከላቸው ሁለት መቶ ሜትር። ሰኔ ላይ በጥድፊያ የነካችው ልኬት ትዝ አላት።

ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። አትማው ወደ ኃላፊዋ ወደ አቶ ውባየሁ ሮጠች።

«ጋሽ ውባየሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬውኑ ካልታገደ ቡናው ማለቁ ነው።»

አቶ ውባየሁ ወረቀቱን አላዩትም። «ውሉ ተፈርሟል። አሁን ተሳስተናል ብንል ማን ይተርፋል? አንቺም አትተርፊም።»

«እኔ ልቅር።»

«እኔስ?» አሏት።

ሦስት ደብዳቤ ለበላይ ጻፈች። አንዱ የዕዝ ሰንሰለት አልጠበቀም ተብሎ ተመለሰ፤ ሁለቱ ደብዛቸው ጠፋ። በሳምንቱ ማንኪራ ሄደች። የቡናው ዛፍ ከነቀይ ፍሬው ቁልቁለቱ ላይ ተጋድሟል። እትዬ ላቀች ጎንበስ ብለው ከወደቀው ቅርንጫፍ ይለቅማሉ። አብራቸው እየለቀመች ሁሉንም ነገረቻቸው።

እትዬ ላቀች የያዙትን ቅርንጫፍ ለቅመው ጨረሱ። «ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መራገም ይቀለኝ ነበር» አሏት በመጨረሻ።

ኅዳር ላይ ደካ ወደምትባል ትንሽ ከተማ አዛወሯት፤ መዝገብ ቤት፣ ኮምፒዩተር የሌለበት። በዓመቱ አንድ የማንኪራ ሰው ለጉዳይ መጥቶ፣ እትዬ ላቀች በዚያው በመሬታቸው ላይ ሻይ ተካይ ሆነው በቀን ሥራ መቀጠራቸውን ነገራት። ደህና ወሬ ያበሰራት መስሎት ነበር።